የዕረፍት ፈቃዳችንን የት አሳለፍነው?

ወታደር ስለ መንገድ ሊነገረው የሚገባ ሰው አይደለም። አገሩን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ለክቶታል፤ ተራራውን በቁጥሩ፣ ወንዙን በመሻገሪያው፣ ከተማውን በኬላው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ አገር የረገጠ ሰው ከባለቤቱ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የሚጠብቀው ነገር ሳይኖር፣ አበባ ያየበት ቀን ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ሚስቱ ብትጠየቅማ ነገሩ የባሰ ነው። እርሷ የምታውቀው መንገድ ዕቃ በካሚዮን ተጭኖ፣ ሕፃን ጉልበት ላይ ተቀምጦ፣ ከአንዱ የጦር ሠፈር ወደ ሌላው የሚኬድበትን የዝውውር መንገድ ብቻ ነውና።

ይህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቁጠባና ስለ ጤና ብዙ ጠቃሚ ነገር አስነብቦናል። እኛ ዛሬ ብዕር ያነሣነው ግን ብዙዎቻችን የቅንጦት ጉዳይ አድርገን ስለምንቈጥረው ነገር ነው፤ ይኸውም ውብ የአትክልት ሥፍራዎችን፣ ጥንታዊ ሠፈሮችንና ስመ ጥር ሆቴሎችን ለማየት ስለ መጓዝ ነው። «ደመወዙ ለወር አልበቃ ብሎ ምን ጉዞ!» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። በእኛም ቤት ይኸው ተብሎ ነበር።

ያለፈው የዕረፍት ፈቃድ ሲቃረብ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወር ወጪያችን እየቀነስን ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረች። ጎረቤቶቻችን ማቀዝቀዣ እንድንገዛ መከሩን፤ አንዲት የምናከብራቸው የአሥር አለቃ ባለቤት ደግሞ «ሶፋ ይሻላችኋል፤ ሶፋ እንግዳ ያከብራል» አሉን። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። የቤታችን እመቤት ግን «ማቀዝቀዣው በሚቀጥለው ዝውውር ካሚዮን ላይ ይሰበራል። ያየነውን ማን ይሰብረዋል?» ስትል ጠየቀች።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሌላ ጉዳይ ነበረ። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል፤ በእነዚህ አራት ዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ያደርንበት ሌሊት ተሰብስቦ ቢቈጠር ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። የምንተዋወቀው በስልክ ድምፅ ነው ለማለት ይቻላል። ፈቃድ ወጥተን ቤት ስንገናኝም የምንነጋገረው ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ዘመድ ለቅሶና ስለሚያፈስ ቆርቆሮ ነው። ከመካከላችን አንዱ በሥራው ምክንያት በየሳምንቱ በሠራዊቱ ፊት ቆሞ ስለ አገር ፍቅር ያስተምራል፤ ሌላዋ ደግሞ ማታ ማታ «ያላዩትን እንዴት ይወዱታል?» እያለች ትሞግተዋለች። አንድ ሌሊት ክርክሩ ሲበርድ «አገሩ ይቅር፤ እኔንስ ታውቀኛለህ?» አለችው። ለዚህ ጥያቄ በትምህርት ክፍል ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ መልስ የለም። ሶፋው በዚያች ሌሊት ቀረ፤ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ተስማማን።

የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬዳዋ ነበረች። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት አስቸጋሪ በመሆኑ ከተማዪቱ በተራራው ግርጌ ተቈረቈረች። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። ከዚራ የምድር ባቡሩ ሰዎች በዕቅድ ያወጡት ሠፈር በመሆኑ ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙም በዛፍ የተጋረደ ነው። ከዛፎቹ አንዱ በአማርኛ ስሙ ራሱ «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው፤ ሲያብብ ቅርንጫፉ ሁሉ በእሳት የተያያዘ ይመስላል። የትውልድ አገሩ ግን ማዳጋስካር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ በአንዲት የበረሃ ከተማ ስም ሲጠራ መስማት ደስ ይላል፤ ደግሞም ማንም ሰው መክፈል ሳያስፈልገው ከሥሩ ሊቀመጥ ይችላል።

በዚያ ጥላ ሥር ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ተቀመጥን። ደቻቱ ማዶ ለማዶ አሸዋ ብቻ ነበር። ይህ አሸዋ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንደ ገደለ ለማመን ያስቸግራል። የድሮውን ባቡር ጣቢያ አየን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሌላ ጣቢያ ስላለው አሮጌው ጸጥ ብሏል። ከዚያ በኋላ ምንም አላየንም፤ ተነጋገርን እንጂ። ስለ ዘይት ዋጋ ሳይነሣ ሁለት ሰዓት ያህል ተነጋገርን።

ስለ ሆቴል እዚህ ላይ እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነውና። በጉዟችን ላይ በአንድ ከተማ፣ የከተማውንም የሆቴሉንም ስም እንተወው፣ በአበባ የተከበበ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ደረስን። ዘበኛው ከጫማችን ጀምሮ ወደ ላይ ተመለከተንና «ወዴት ነው?» አለን። «ለሻይ» አልነው። «ሻይ ከመንገዱ ማዶ በርካሽ አለ» ሲል እጁን ዘረጋ። የወታደር ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቀዋል፤ ደም ያፈላል። የቤታችን እመቤት ግን በለሰለሰ ድምፅ «ወንድሜ፣ የምንፈልገው ርካሽ ሻይ አይደለም፤ ጥላውንና አበባውን ነው» አለችው። ሰውየው ፈገግ ብሎ መንገድ ለቀቀ።

በዚያ የአትክልት ሥፍራ ተቀምጠን ያሰብነውን እንጻፈው። ይህን ድንጋይ የጠረበው፣ ይህን ሣር የሚያጭደው፣ ጽጌረዳውን በሌሊት ተነሥቶ የሚያጠጣው ሰው የእኛው ዓይነት ሰው ነው። ያለማው እጅና የሚቀመጥበት ወገብ ለብዙ ዘመን ሳይገናኙ ኖሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ምኒልክ የመሠረቱት ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ እስኪከፈት ድረስ ያንን አትክልት ከባለሥልጣን ውጪ የሚያውቀው ማን ነበረ? አትክልተኛውና ዘበኛው ናቸው። ትውልድ ከትውልድ እየተተካካ የጠበቀው ወታደር ጀርባውን ለአበባው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ቆሞ ኖረ። ዛሬ ትኬት የቈረጠ ሁሉ ይገባል።

በገንዘብ ተከፍሎ የሚበላበት ቤት ራሱ ለሕዝባችን እንግዳ ነገር እንደ ነበረ አይዘነጋም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ምግብ በገንዘብ መግዛትን ሰው አሳፋሪ አድርጎ በማየቱ ደንበኛ ጠፍቶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው ከፍለው መኳንንቱን አስለመዱ የሚል ወግ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ማለማመድ ካስፈለጋቸው እኛም ብናፍር አይገርምም። ስለዚህ ለእኅቶቻችን የምንመክረው ይህን ነው፦ የሆቴሉ አልጋ ለባለጸጋው ይቅርለት፤ ሰገነቱና አትክልቱ ግን በአንድ ስኒ ዋጋ ይገኛል። ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በፊት ይኬዳል፤ ያን ጊዜ ቦታው ጸጥ ያለ ነው። ዋጋው አስቀድሞ ይጠየቃል፤ መጠየቅ ነውር የለበትም። ልጆች ካሉ ዳቦ ቤት ውስጥ በልተው ይሂዱ። አንድ ስኒ ለሁለት ሰዓት ይበቃል፤ እኛ አስበቅተነዋል።

ሐረር ስንገባ ግን ሆቴሉም ሻዩም ተረሳ። ጀጎልን ከውጭ ያየ ወታደር አስቀድሞ የሚያስተውለው ግንቡን ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ያሠሩት ሲሆን፣ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። በሮቹ በየአቅጣጫው ከሚመጣው ነጋዴ ጋር ከተማዪቱን የሚያገናኙ ነበሩ፤ ሌሊት ይዘጉ ነበር። በውስጥ ያሉት መስጊዶች 82 እንደ ሆኑ ተቈጥሯል። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው።

መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ እንጂ ሦስት አያሳልፉም። ይህን ለማየት የመጣን ባልና ሚስት መሆናችን ጠቀመን። አንዲት የሐረሪ እናት ቤታቸውን ለጎብኚ ከፍተው ነበርና ገባን። ውስጡን እንዴት አድርገን እንግለጸው? ከደጅ ሲታይ ነጭ ግድግዳና የእንጨት በር ብቻ ነው፤ ጌጡ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች በቀይ ቀለም አብረቅርቀው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ መደብ እንደ ማዕረግ ደረጃ አለው። የቤቱ ጌታ የት እንደሚቀመጥ፣ ሽማግሌ የት፣ ወጣት የት እንደሆነ የታወቀ ነው። ከመካከላችን ወታደሩ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ የቤታችን እመቤት ግን «ሴቲቱስ የት ትቀመጣለች?» ብላ ጠየቀች። እናቲቱ ስቀው «ሁሉንም የምታስቀምጠው እርሷ ናት» አሉ። ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ተሸፍኗል፤ አብዛኛው ስፌት የቤቱ ሴቶች እጅ ሥራ ነው። የመደቡ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ሲሉ የሚናገሩ አሉ። ይህን ስንሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። አንድ ጦርነት ለአንዱ ወገን የድል በዓል፣ ለሌላው የግድግዳ ቀለም ሆኖ እንደሚኖር በካርታ ላይ ስንማር ማንም አልነገረንም።

ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው አሉን። በስተጎን ደግሞ አዲስ ሙሽሮች የሚቀመጡባት ትንሽ ክፍል ነበረች፤ በቀደመው ልማድ ሙሽራዪቱ ለቀናት ከዚያች ክፍል አትወጣም ነበር። እኛ ግን በተጋባን በአሥራ ሁለተኛው ቀን የግዳጅ ጥሪ ደርሶን የተለያየን ነን። የቤታችን እመቤት ወደ ክፍሊቱ አንገቷን አስግጋ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ምንም አልተናገረችም፤ በጠባቡ መንገድ ስንወጣ ግን እጃችን ተያይዞ ነበር። በአደባባይ እንዲህ ማድረግ የመኮንን ወግ አይደለም የሚሉ አንባብያን ይቅር ይበሉን፤ መንገዱ ጠባብ ነው ብለናል።

የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርተር ራምቦ ስም የሚጠራበትን ቤትም ጎበኘን። ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባ ሰው ነው፤ ቅኔውን በወጣትነቱ ጥሎ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆነ፤ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ ሸጧል። የሥዕል ጣሪያና ባለ ቀለም መስተዋት ያለው ይህ ቤት የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ እንጂ የእርሱ መኖሪያ እንዳልነበረ ብዙዎች ይናገራሉ። የሆነ ሆኖ ከላይኛው ፎቅ የጀጎል ጣሪያዎች ሁሉ ይታያሉ። ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲመገብ ለማየት የሚሄዱ አሉ፤ እኛ አልሄድንም፤ የጅብ ድምፅ በጥበቃ ሥራ ላይ ሳለን ይበቃናል።

ከሐረር ወደ ጅጅጋ ያለውን መንገድ ባጭሩ እናልፈዋለን። የባቢሌ ኦቾሎኒ ጥሩ ነው። ከባቢሌ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ የሚወድቅ እየመሰለ ዘመን የሚያስቈጥርበት ሸለቆ አለ። ጅጅጋ ከመድረሱ በፊት ካራማራ ይመጣል። በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የሆነውን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ አባቶቻችን እዚያ ቀርተዋል። አውቶቡሱ ኩርባውን ሲዞር የቤታችን እመቤት ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኛም ዝም ብለን አለፍን።

ከዚያ በሕጋዊ ፈቃድ በቶጎ ውጫሌ ተሻግረን ሐርጌሳ ገባን። እዚህ ድረስ ያመጣን ዘመድ ነው፤ የቤታችን እመቤት ታናሽ ወንድም በከተማዪቱ በልስን ሥራ ይተዳደራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እዚያ በግንባታ ላይ ተሰማርተዋል። የሚኖረው 31 ሜይ በሚባለው ሠፈር፣ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው።

ከሐረር ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ጥንታዊው ሠፈር የት ነው የሚል ነው። ወንድሟ በእጁ ዙሪያውን አሳየንና «እዚህ የምታዩት ሁሉ ማለት ይቻላል ከ1983 ወዲህ ነው» አለ። ግንቦት 23 በዚህች ከተማ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይነሣል። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት ከተስማሙ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ በኢትዮጵያ ይንቀሳቀሱ የነበሩት የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ድንበሩን ተሻግረው በዚያች ቀን ሐርጌሳ ገቡ። የዚያድ ባሬ መንግሥት መልስ መድፍና አውሮፕላን ሆነ፤ አውሮፕላኖቹ ከከተማዪቱ ከራሷ ማረፊያ ተነሥተው ከተማዪቱን ራሷን ደበደቡ። ከተማው አብዛኛው ፍርስራሽ ሆነ፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ አገራችን ተሰደደ፤ ከጅጅጋ ወዲያ ያለችው ሐርትሼክም ታላቅ የስደተኞች ሠፈር ሆነች። ሶማሊላንድ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከሶማሊያ መለየቷን አወጀች፤ ሕገ መንግሥቷም ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ግንቦት 23 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

በመሐል ከተማ ከተመቱት አውሮፕላኖች አንዱ፣ ሚግ፣ በሐውልት ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከሥሩ የገንዘብ መንዛሪዎች ሽልንጉን እንደ ጡብ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። ሌላው ከተማ ግንብና በር ለእንግዳ ያሳያል፤ ይህች ከተማ ያፈረሳትን መሣሪያ ታሳያለች። እንደ አምባሳደርና ማንሱር ያሉ ስማቸው የታወቀ ሆቴሎች በከተማዋ አሉ። ከትልልቆቹ በአንዱ ግቢ ውስጥ የወተት ሻይ ጠጣን። በዚህ ደረቅ አገር ውሃ ውድ ነውና ያየነው አበባ ሁሉ የተለፋበት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ጉዞ ያየነው ትልቁ የአትክልት ሥፍራ ያለው 31 ሜይ ውስጥ፣ ከቤት ጣሪያ የማይሰፋ ግቢ ውስጥ ነው።

ወንድሟ አሮጊቷን «ሆዮ» እያለ ይጠራቸዋል፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ሦስት የኒም ዛፎችና አጥሩን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ሐምራዊ ቡገንቪላ አለ። ልብስ የታጠበበት ውሃ አይደፋም፤ ለሥሮቹ ይሰጣል። ማታ ምንጣፍ አንጥፈው ሻይ አፈሉልን፤ ወንድሟ እያስተረጐመ ተጨዋወትን። በ1980 ዓ.ም. ሁለት ልጆች ይዘው በእግር ወደ ሐርትሼክ ወጡ። ሲመለሱ ቤቱ የት እንደ ነበረ ያወቁት በሎሚው ጉቶ ነው። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፤ ጉቶው ግን አቈጥቍጦ ቆያቸው። ቤቱን የሠሩት ዛፉን ተከትለው ነው፤ ስለዚህም በሩ ከመንገዱ ጋር ጥቂት ተጣምሟል።

ከዚያም የቤታችንን እመቤት «ባልሽ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቋት። ወንድሟ ለማስተርጐም ዘገየ፤ «ነጋዴ ነው ልበል?» አለን በአማርኛ። እርሷ ግን «የምን ነጋዴ! ወታደር ነው በላቸው» አለችው። አለ።

ሆዮ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱን። በመጨረሻ «ቤቴን ያፈረሰው ወታደር ነበረ። ድንበሩ ላይ ለልጄ ከኮዳው ውሃ የሰጠውም ወታደር ነበረ» አሉ። ቀጥለውም ስኒያችንን እንደገና ሞሉት። በዚያች ሌሊት ብዙ አልተናገርንም። ከመካከላችን አንዱ ስለ ሠራዊትና ስለ ሕዝብ ፍቅር ብዙ ማስታወሻ የጻፈ ሰው ነው፤ ከጻፈው ሁሉ ለዚህ መልስ የሚሆን አንድም መስመር አላገኘም። የቤታችን እመቤት ግን ተነሥታ ሻዩን ከእጃቸው ተቀብላ ለሁላችንም ቀዳች፤ ሆዮም እንደ ልጃቸው ተዉአት።

በማግስቱ ልንሰናበት ስንል «የወታደሮቹ ሠፈር ዛፍ አለው?» ሲሉ ጠየቁ። ከውሃ ታንከሩ አጠገብ አንድ ግራር እንዳለ ነገርናቸው። «አንድ ብቻ?» አሉና ከቡገንቪላው ሦስት ቅርንጫፎች ቈርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉልን። ከሐርጌሳ እስከ ጦር ሠፈራችን በየአውቶቡሱ ጉልበታችን ላይ ይዘናት መጣን። ሁለቱ ደረቁ። ሦስተኛዋ ከቤታችን ግድግዳ ሥር ተተክላ ባለፈው ሳምንት አራት ቅጠል አውጥታለች፤ የአሥር አለቃው ባለቤት በየጧቱ መጥተው ያዩአታል፤ አጥሩን ስትደርስ ቅርንጫፍ እንድንሰጣቸውም ከአሁኑ አስፈርመውናል።